የማይከፈተው ስልክ

አንድ ቀን፣ ያውም ደሴ በገበያተኛ ጢም ባለችበት ሰዓት፣ ቧንቧ ሠሪው ይመር ስልክ ሊገዛ ወደ ልሳነወርቅ ሱቅ ገባ። ልሳነወርቅ ማለት እንኳን ስለ ስልክ፣ ስለ ጨረቃም ቢጠየቅ አላውቅም የማይል ሰው ነው።

«ለመሆኑ ባትሪው ሲደክም በየት በኩል ይወጣል?» አለ ይመር፣ ስልኩን እያገላበጠ።

ልሳነወርቅ ከት ብሎ ሳቀበት። «አይ ይመር! ዛሬም እዚያው ነህ? ባትሪ መቀየር እኮ ድሮ ቀረ። ይሄ ከፋብሪካው ታሽጎ የመጣ ነው፤ እንኳን አንተ፣ የሰው ልጅ አይከፍተውም! ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፤ ከተከፈተ ግን የለም።»

ይመር ልቡ ባይወደውም ገዛ። አምስት ወር እንደሠራበት ባትሪው አብጦ አብጦ፣ አንድ ጠዋት የስልኩን ጀርባ ፈንቅሎት ተገኘ። ስልኩም ጭጭ አለ። የይመር እንጀራ ደግሞ በዚያች ስልክ ነው፤ «ቧንቧዬ ፈነዳ፣ ድረስልኝ» የሚል ካልደወለለት ምን ሊበላ ነው? ስልኩን ይዞ ወደ ሱቁ ገሰገሰ።

ልሳነወርቅ ገና የስልኩን ጀርባ ሲያይ ጮኸ። «ከፍተኸዋል! በቃ፣ ዋስትናህን ውሃ በላው!»

«ኧረ በአላህ! እጄን አላሳረፍኩበትም!»

ንትርኩ ሲከር ጊዜ የገበያውን ጠብ ሁሉ የሚዳኙት ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሸምሱ ተጠሩ። መንገደኛውም ከበበ።

«ሐጂ፣ ይፍረዱኝ» አለ ልሳነወርቅ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ። «ስሸጥለት እሽግ ነበር፤ ይኸው ጀርባው ተገንጥሏል። መቼም ጂን አልከፈተውም! የከፈተው ይጠየቅ እንጂ እኔ ምን አገባኝ?»

ሐጂ ወደ ይመር ዞሩ። «እህስ ልጄ፣ መልስ አለህ?»

«አለኝ እንጂ ሐጂ! የሰው ልጅ አይከፍተውም ያለኝ እሱ ራሱ ነው፤ እኔ ደግሞ እናቴ ትጠየቅ፣ የሰው ልጅ ነኝ። ባለፋብሪካዎቹ ባትሪውን መውጫ በር ሳያበጁለት ቆለፉበት። አምስት ወር ሙሉ ችሎ ችሎ፣ ሲጨንቀው ግድግዳውን ገንጥሎ ወጣ። በር የረሱት እነሱ፣ እስር ቤት የሰበረው ባትሪው፤ ታዲያ እኔ የምከሰሰው በምን ወንጀል ነው?»

ከበው የቆሙት ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። ሐጂ ሸምሱም የሳቅ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «በል ልሳነወርቅ፣ ለሰውዬው ሌላ ስልክ አውጣለት» አሉ፤ «እስረኛህንም ተረከብ።»