የሽኮኮና የጃርት ቦይ

ተረት ተረት ልበላችሁና ስሙኝ፤ ምናልባት አንዳንዱን ነገር ተሳስቼ አስታውሼው ይሆናል።

ጠንቃቃዋ ሽኮኮና ታታሪው ጃርት በአንድ ዋሻ ይኖሩ ነበር። እሷ ቀን ትሠራለች፣ እሱ ሌሊት። ክረምት ሲቃረብ ጎርፍ ገብቶ የሽኮኮን ሁለት ጨቅላዎች እንዳይወስድ ቦይ ሊቆፍሩ ተስማሙ።

«አያ ጃርት፣ በየት በኩል እንደምንቆፍር ቁጭ ብለን አንነጋገርም?» አለችው።

«እመት ሽኮኮ፣ አፍ ቦይ አይቆፍርም! አንቺ በቀንሽ፣ እኔ በሌሊቴ እንሥራ።»

ሽኮኮም ሳቀችና እሺ አለች።

ጃርት ከዋሻው በስተቀኝ ቆፍሮ አፈሩን በስተግራ ደፋ። ሽኮኮ በስተግራ ቆፍራ አፈሩን በስተቀኝ ደፋች። ሁለቱም ለሥራ ሲወጡ ቦያቸውን ተደፍኖ ያገኙታል። አፈሩ የተናደ እየመሰላቸው፣ ከትናንቱ ይበልጥ ተግተው እንደገና ይቆፍሩታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሽኮኮ ቦይዋን ቆፍራ ሳትጨርስ፣ ከባድ ዝናብ ወረደና ወደ ዋሻው አስገባት። ጎርፉ መውረጃ አጥቶ ዋሻው ውስጥ ገባ። ሽኮኮና ጃርት እንደምንም ወጡ፤ ጨቅላዎቹ አልወጡም።

«የኔን ቦይ ማን ደፈነው?» አለች ሽኮኮ እያለቀሰች።

«የኔንስ?» አለ ጃርት። ከዚያ ሁለቱም አቀርቅረው ጭቃ የያዘ ጥፍራቸውን አዩ።

ኋላ ጠይቄ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር አለ፦ ሽኮኮና ጃርት ዛሬም በአንድ ዋሻ ይኖራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።