የዘሀራ ላምና የሉባባ አጥሚት

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ ብትመልሱልኝ ልክ ናችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያው በረት ውስጥ ነው።

ወሎ ውስጥ፣ ከአንድ ተዳፋት ሥር፣ ዘሀራ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ሉባባ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ዘሀራ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሉባባ ስትወልድ አንድ ጣሳ ትኩስ አጥሚት ማጠጣት። ዘመኑ ግን ክፉ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ስንዴ ቀርቷል፣ ገበያው ባዶ ነው፣ ጎተራዋም የአይጥ መጫወቻ ሆኗል።

ወደ ማሳዋ ወረደች። «ማሳዬ፣ ገብስ ስጠኝ፣ ሉባባ አጥሚት ትጠጣ።»

«እኔም እኮ ርቦኛል» አላት ማሳው። «እበት ካላበላሽኝ አልሰጥም።»

ወደ ላሟ ሄደች። «ላሜ፣ እበት ጣይ፣ ማሳው ይብላ፣ ገብስ ይስጠኝ፣ ሉባባ አጥሚት ትጠጣ።»

«በባዶ ሆዴ ምን ልጣል? ሣር አምጪ።»

ወደ ሣሩ ወጣች። «ሣሬ፣ ብቀል፣ ላሚቱ ትብላ፣ እበት ትጣል፣ ማሳው ይብላ፣ ገብስ ይስጠኝ፣ ሉባባ አጥሚት ትጠጣ።»

«ዝናቡ ሳልቀምሰው እየጋለበ ይወርዳል። እርከኑ ውሃውን ይያዝልኝ።»

ወደ እርከኑ ዞረች። «እርከኔ፣ ውሃ ያዝ፣ ሣሩ ይብቀል፣ ላሚቱ ትብላ፣ እበት ትጣል፣ ማሳው ይብላ፣ ገብስ ይስጠኝ፣ ሉባባ አጥሚት ትጠጣ።»

«ፈርሼ ተኝቼ በምን ልያዝ? ድንጋዬን የሚክብ ሰው ጥሪ።»

ዘሀራ እያለከለከች የቀበሌው ደቦ ጠሪ ከሆኑት ከአያ እንድሪስ ደጅ ደረሰች። «አያ እንድሪስ፣ ደቦ ይጥሩልኝ፣ እርከኑ ይካብ፣ ውሃ ይያዝ፣ ሣሩ ይብቀል፣ ላሚቱ ትብላ፣ እበት ትጣል፣ ማሳው ይብላ፣ ገብስ ይስጠኝ፣ ሉባባ አጥሚት ትጠጣ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «እርከኑን ማን ያፈረሰው መሰለሽ? አጨዳ ባለቀ ቁጥር ላምሽን ትለቂያታለሽ። እሷ ስትንጎራደድበት ድንጋዩ ይንከባለላል። እኛ እየካብን ላምሽ እያፈረሰች እስከ መቼ? ላምሽን እሰሪ፣ ደቦውን ለእኔ ተዪው።»

«ሁሉም ሰው ይለቃል እኮ!»

«ሁላችንም አይደለን እንዴ የተራብን?»

ዘሀራ አፍራም ተናዳም ቤቷ ገባች። ገመዱ ከግድግዳው ላይ ድሮም ተሰቅሎ ነበር። አወረደችው፣ ላሚቱንም በረት አሰረቻት።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተፈታ! ላሚቱ ታሰረች፣ ጎረቤትም አይቶ የየራሱን አሰረ፣ አያ እንድሪስ ደቦ ጠሩ፣ እርከኑ ተካበ፣ ውሃው ተያዘ፣ ሣሩ በቀለ፣ ላሚቱ እየታጨደላት በላች፣ እበቷን ጣለች፣ ማሳው ጠገበ፣ ገብሱም ደረሰ። ሉባባም በሰላም ተገላገለች።

ዘሀራ የመጀመሪያውን ጣሳ ለአራሷ ሰጠች። ሉባባ ጠጥታ ላብ በላብ ስትሆን እናቷ እያለቀሰች «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሁለተኛውን ጣሳ በነጠላዋ ሸፍና አያ እንድሪስ ዘንድ ሄደች።

«አራስ አይደለሁ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ እየሳቁ።

«ይጠጡልኝ። ያን ቀን ባይቆጡኝ ኖሮ ልጄ ዛሬ ምን ትጠጣ ነበር?»

እንግዲህ ተረቴን እናንተ ውሰዱት፤ እበቱን ግን ለማሳው ተዉለት።