እንግዳወርቅና አንድ ዓይኗ

ተረት ተረት።
አምጪያት እንስማት።

በድሮ ዘመን እንግዳወርቅ የምትባል ሴትና ቢያድግልኝ የሚባል ባሏ ነበሩ። ለደብራቸው ወይፈን ሰጡና ቄሱ፦ «መልካችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይሣል» አሏቸው። ሠዓሊው አለቃ ወልደ ሐና መጡና ባልና ሚስቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው።

ቢያድግልኝ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉልበቱን ግን ያመው ነበርና እንግዳወርቅ ዞር እያለች ታየዋለች። አለቃ፦ «ወደኔ እዪ» ይሏታል። ታይና ደግሞ ትዞራለች። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ።

ሥዕሉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ባልየው ሁለት ዓይን አለው። እሷ ግን በጎን ተሥላ አንድ ዓይን ብቻ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣን በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው።

ከዚያም መከራዋ ጀመረ። ጎረቤቷ ያዋሰቻትን ወንፊት አስመለሰች። ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ ቆመው ዓይኗን ይቆጥራሉ። ሁለት ሆኖ ሲያገኙት፦ «አንዱ የውሰት ነው» ይባባላሉ። ወተት ስትንጥ ቅቤ እምቢ ያላት ሁሉ እንግዳወርቅን ትረግማለች። ቢያድግልኝ እንኳ ራት ሲበላ ገበታውን ወደ ራሱ ሳብ ማድረግ ጀመረ። እሷም ይህን አየችና እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና፦ «ወይ ዓይን ይጨመርላት፣ ወይ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ» አሉ። አለቃ ቦታ ቢፈልጉ አጡና ሁለተኛውን ዓይን ጆሮዋ ላይ ሣሉት። ባሰ። «በዓይኗ ትሰማለች፣ ከሩቅ ያየችውንም አያመልጣት» ተባለና አገሩ ፈርቶ ሐሜት አቆመ። ሐሜት በሌለበት አገር እንዴት ተብሎ ይኖራል? ሽማግሌዎቹ፦ «በቃ፣ ትሂድ» ብለው ፈረዱ።

እንግዳወርቅ ከሸንጎው መሐል ተነሣችና አለቃን፦ «አባቴ፣ ምን በድዬዎት ነው እንዲህ የሣሉኝ?» አለቻቸው።

እሳቸውም፦ «ሁለት ቀን ሙሉ ወደኔ እዪ አልኩሽ። አንቺ ጉልበቱን ታዪ ነበር። እኔ ያየሁትን ሣልኩ» አሉ።

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። ከዚያም፦ «አለቃ፣ እኔንም ወደሷ ያዙሩኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ፦ «አንተ ሰው፣ አንድ ዓይንህን ታጣለህ እኮ» አሉት።

እሱም፦ «እሷን ለማየት አንዱ ይበቃኛል» አለ።

አለቃ ፊቱን ፍቀው አዞሩት። የጆሮዋንም ዓይን ደመሰሱት። በሳምንቱ የአገሩ ሚስት ሁሉ ባሏን እየጎተተች፦ «እኛንም በአንድ ዓይን» እያለች መጣች። ግድግዳው ባለ አንድ ዓይን ሰው ሞላ። ቄሱም ምእመናኑን ከሰይጣን መለየት ቢያቅታቸው፣ ለሰይጣኖቹ ቀንድ አስጨመሩላቸው።

ተረቴን ሰጠኋችሁ፣ አፌ ባዶ ቀረ፤
ጉርሻ አምጡልኝ፣ ትኩስ ባይኖር ያደረ።