የታንኳ ሠሪው ቤት ዝምታ

አንድ ታንኳ ሠሪ በሰፊ ሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። ስሙ አንለይ ይባላል። ከሐይቁ ዳር ደንገል ያጭዳል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፣ ከዚያም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እያጠበቀ ታንኳ አድርጎ ያስረዋል። እሱ ያሰረው ታንኳ ውሃ አያስገባም እየተባለ ሰው ከሩቅ ይመጣለት ነበር።

ሚስቱ የውብዳር ወሬ ትወዳለች። የሰው ሐሜት አይደለም፤ የቤቱን ወሬ ነው። እሱ ደንገሉን ሲያስር አጠገቡ ቆማ ትጀምራለች። «ይቺ ዶሮ ደግሞ እንቁላሏን ጎረቤት እነተዋቡ ጓሮ መጣል ለመደች። ልጅቱ ጎመን አልበላም ብላ አኩርፋለች። እናትህ ጉልበቴን ብርድ ገባኝ እያሉ ነው። የማድጋው አፍ ተሸርፏል፤ ማን እንደነካው እንጃ።»

አንለይ ቀና ሳይል «እህ» ይላል። እሷም ትቀጥላለች፣ እሱም «እህ» ይላል። ኑሯቸው እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ማሰሪያው እየተበጠሰበት ሲናደድ የውብዳር መጣች፤ በሩ ሲከፈት እንደሚያቃስት፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ታወራው ጀመር። አንለይ ማሰሪያውን ወረወረው።

«አንቺ ሴት፣ አፍሽ አይደክመውም? የዶሮና የጎመን ወሬ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ቁም ነገር ሲኖርሽ ብቻ አናግሪኝ!»

የውብዳር እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሺ» አለችና ወደ ቤት ገባች።

ከዚያች ቃል በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ልብስ በጊዜው ይታጠባል፣ የጎደለ ነገር የለም። አንለይ መጀመሪያ ላይ ደስ አለው። ሥራውም ቀና። የሐይቁን ድምፅ እንኳ እንደ አዲስ ይሰማው ጀመር።

አንድ ማለዳ ደንገል ሊያጭድ ታንኳውን ይዞ ወጣ። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። ጥቂት እንደቀዘፈ ዳርቻው ከኋላው ጠፋ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሰማዩና ውሃው አንድ ሆኑ። ማዕበል የለም፣ ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ እንኳ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። አንለይ የሚሄድበትን ስላላወቀ መቅዘፉን ተወው። ታንኳዋ ግን እንደ ሕልም ዝም ብላ ተንሳፈፈች። ምን ያህል እንደሄደ አላወቀም፤ ብቻ በመጨረሻ የታንኳዋ አፍንጫ አሸዋ ነካ።

ደሴት ነበረች። አንዲት ጎጆ ትታያለች። ከጎጆዋ አንድ ሽማግሌ ወጡ፤ ሰው ማየታቸውን ያላመኑ ይመስል ዓይናቸውን አሹ።

«ግባ ልጄ፣ ግባ» ብለው እጁን ያዙት። ቆሎ በማር አቀረቡለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«እስቲ አውራኝ» አሉት።

«ምን ላውራዎት አባቴ? የአገሩን ነገር ነው? የሹመቱን፣ የገበያውን?»

«እሱ ይቅር። የቤትህን አውራኝ። ዛሬ ጠዋት ባለቤትህ ምን አለችህ?»

አንለይ አሰበ። «ምንም አላለችኝም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ምንም። ቀደም ሲል ታወራ ነበር። ግን የማይረባ ነገር ስለሆነ ልብ አላልኩትም።»

ጉሙ በጎጆዋ በር ገብቶ በሽማግሌው እግር ሥር ተኛ።

«የእኔ ባለቤት ካረፈች ብዙ ዘመን ሆናት» አሉ ሽማግሌው። «የሠርጋችንን ቀን አስታውሳለሁ፤ ምን እንደለበሰች፣ ማን ማን እንደመጣ። የቀበርኳትንም ቀን አስታውሳለሁ። ድምጿን ግን አላስታውስም።»

«እንዴት?» አለ አንለይ።

«ቀኑን ሙሉ ታወራኝ ነበራ! ስለ ጨው፣ ስለ ጭስ፣ ስለ በጎቹ። እኔ ግን ቁም ነገር እስክትናገር እጠብቅ ነበር። አሁን ጆሮዬን አቁሜ እፈልጋታለሁ። ወጡ ጨው አንሶታል ስትል እንዴት ነበር የምትለው? ድምጿ ቀጭን ነበር ወይስ ወፈር ያለ? ያኔ ያልሰማሁትን ዛሬ ከየት አመጣዋለሁ?»

አንለይ የጨበጠውን ቆሎ መብላት ተወ። የየውብዳርን ድምፅ በልቡ ሊሰማ ሞከረ። የመጣለት «እሺ» ያለችው ብቻ ነበር። ፈራ። ጉሙ ሳሳ ሲል ሽማግሌውን ጉልበታቸውን ስሞ ተነሣ፤ ወደ ቤቱም በኃይል ቀዘፈ።

ሲደርስ የውብዳር ደጃፍ ላይ ስፌት ይዛ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» አላት።

«ምንም የለም።»

«ልጅቱስ?»

«ደህና ናት።»

«እናቴስ?»

«ደህና ናቸው።»

ደህና የሚለው ቃል እንዲህ ሰውን በር ላይ የሚያስቀር መሆኑን አንለይ አያውቅም ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ። «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አላት።

«ምን አጠፋህ?» አለች ከስፌቷ ቀና ሳትል። «ቁም ነገር ሲኖር አናግሪኝ አልክ። ቁም ነገር የለም።» በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እሱን ያስደነገጠውም ይኸው ነው፤ ቁጣዋ እንኳ አልቋል።

አንለይ ሌላ መንገድ ስላጣ ራሱ ማውራት ጀመረ። ወሬ ያልለመደ ሰው ነውና መጀመሪያውና መጨረሻው ይምታታበታል። የማጭዱ እጀታ መላላቱን ነገራት። ዳመና አይቶ ዝናብ መስሎት እንደነበር፣ ግን እንዳልዘነበ ነገራት። እሷ «እህ» ትላለች። እሱ ግን አላቋረጠም፤ በየቀኑ አንድ ነገር ይዞላት ይገባል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሱ ረጥቦ መጣ። «እንቁራሪት ኩታዬ ውስጥ ገባች» አላት። «እኔ እባብ መስሎኝ እየጮኽኩ ዘልዬ ውሃው ውስጥ ወደቅሁ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ሁሉ አዩኝ።»

የውብዳር ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በድንገት ቆም ብላ፣ «የትኛው ኩታህ? አዲሱ እንዳይሆን!» አለችው።

«አዲሱ ነው።»

«ወይ ጉድ! ትናንት አይደል እንዴ ያጠብኩት! ጭቃ ቶሎ እንደማይለቅ ታውቃለህ? አንተ እኮ…»

ተቆጣችው። ደህና አድርጋ ተቆጣችው። አንለይ እየሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ወሬዋ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ተመለሰ። ዝናቡ አልፎ ሐይቁ ሰማያዊ በሆነበት አንድ ቀን እሱ ታንኳ እያሰረ እሷ ታወራለች። ስለወለደችው የጎረቤት ላም አወራች፤ ጥጃው አልጠባ ብሎ እንዳስቸገረ አወራች። በዚያው ድምፅ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ፣ «ይሄ ግራ ዓይኔም ይደበዝዝብኛል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ፤ ጥጃውን ግን በጣት ወተት ሲያልሱት…» እያለች አለፈች።

የአንለይ እጅ ቀጥ አለ። «ቆይ፣ ዓይንሽን ምን አልሽ?»

«ኧረ ምንም አይደል። ባለፈውም ነግሬህ ነበር።»

«መቼ?»

«በበጋው ነዋ። እህ አልከኝ።»

አንለይ ሌላ አልጠየቀም። ታንኳውን በጅምር ትቶ የውብዳርን ከሐይቁ ማዶ ወዳሉ የዓይን አዋቂ ይዟት ተሻገረ። አዋቂዋ ሴት የየውብዳርን ፊት ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ይቺ ዓይን አትተርፍም ነበር» አሉ። «ለመሆኑ ማን ነው ቀድሞ ያወቀው?»

«እሷ ናት ያወቀችው» አለ አንለይ። «እኔ ዘግይቼ ነው የሰማሁት።»

መድኃኒቱ ተደረገላት፤ ዓይኗም ዳነ።

የቤታችን ሰው ሕመሙንና ፍርሃቱን ቁም ነገር ብሎ ለይቶ አያቀርብልንም። ስለ ላምና ስለ ክር ሲያወራ በመሀል ያሳልፈዋል። ትንሹን ወሬ የናቀ ጆሮ ትልቁ ነገር በአጠገቡ ሲያልፍ አይሰማውም። የሰለቸን ወሬ ሰውዬው ሊያዋየን የከፈተው ልቡ ነው። በጩኸታችን ከተዘጋም የምንከፍተው በጥያቄ ሳይሆን፣ እኛም በተራችን ትንሹን የልባችንን ስናዋየው ነው።

በእናንተስ ቤት ማውራት የተወ ሰው አለ? ከመቼ ጀምሮ እንደተወ ታውቃላችሁ?