የእንዝርት ሜዳ ባርኔጣ ሰፊ

በእንዝርት ሜዳ የሐሙስ ገበያ ባርኔጣ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ዘርግቶ ብቻ አይቀመጥም። ገዢ ሲመጣለት ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፍቶ ይንበረከካል፤ ከገበያተኛው መካከል አንዲት ሴት ትወጣና አንድ ገንቦ ውሃ ታፈስበታለች። ግንባሩ ላይ ጠብታ ከወረደ ባርኔጣው እዚያው ተቀዶ ይጣላል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ የአገሩ ሽማግሌዎች የይፍሩን ታሪክ ያወራሉ።

እንደሚነገረው ይፍሩ በዚያ ደጋ አቻ ያልነበረው ባርኔጣ ሰፊ ነበር። የሚሰፋውም በጓሳ ነው፤ ጓሳ ቀጭን፣ ረጅም፣ ውሃ የማያሳልፍ የደጋ ሣር ሲሆን፣ እንዳይጠፋ ብሎ አገሬው ለዓመታት ዘግቶ ያቆየውና አንድ ጊዜ በጋራ ያጭደዋል። ሣሩ በተዘጋ በሦስተኛው ዓመት ይፍሩ ያከማቸው አለቀበት። ሰርቆ ማጨዱን አልደፈረም፤ ባርኔጣ የለኝም ብሎ ሰው መመለሱም ከበደው። ስለዚህ ላዩን በቀረችው ጓሳ እየሸፈነ ውስጡን በገብስ አገዳ ይሰፋ ጀመር ይባላል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ጎረቤቱ ወልደ ሰንበት ቆላ ወርዶ ገብሱን በማሽላ ለውጦ ሊመለስ አሰበና ባርኔጣ ሊመርጥ መጣ። መምረጥ ያውቅ ነበር። ክፈፉ ትከሻውን ማልበሱን አየ፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው፣ ከዚያም ወደ ፀሐይ አንሥቶ በውስጡ ተመለከተ። በአገዳ ተጠቅጥቆ ስለነበር የብርሃን ነጥብ እንኳ አላሳለፈም።

«ለቆላው ፀሐይ ይሆናል» አለ። «የወጨፎ በርን ዝናብስ ይችላል ወይ፣ አያ ይፍሩ?»

ይፍሩ ከያዘው ወስፌ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «ይችላል» አለው።

ወልደ ሰንበት የቆላውን ሐሩር በደኅና አለፈ። ሲመለስ ግን ወጨፎ በር ላይ፣ ገደሉ አልቆ ደጋው በሚጀምርበት ጠባብ መተላለፊያ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ያዘው። አገዳው ውሃውን ጠጥቶ አበጠ፤ የጠጣውንም በአንገቱና በጀርባው ወደ ጋቢው አወረደው። በማግስቱ መንገደኞች ሲደርሱ ቋጥኝ ተደግፎ እንደተቀመጠ በብርድ ደርቆ ሞቶ አገኙት፤ ሁለት እጆቹ ክፈፉን ጨብጠው ነበር። አህያው ማሽላውን እንደተሸከመ አጠገቡ ቆሟል።

አገር ለቀብር ተሰበሰበ። ወጨፎ በየክረምቱ ሰው ይወስድ ስለነበር ሌላ ምክንያት የፈለገ አልነበረም፤ አልቃሾቹም ብርዱን ከሰሱ። ይፍሩ ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ተቀብሮ ይቀር ነበር። ነገር ግን ባርኔጣውን አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ አየው፤ ስፌቱ ተፈልቅቆ የጠቆረ አገዳ ወጥቶበታል፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያልፍ ሲያገድም አንድም ልብ ያለው የለም። ያን ጊዜ ባርኔጣውን አንሥቶ የሟች ሚስት ጠጂቱ ፊት ወደቀ።

«ጓሳ አይደለም፣ እቴ ጠጂቱ። ሲጠይቀኝ እያወቅሁ ነው ይችላል ያልሁት።»

የሟች ወንድሞች ዱላ አነሡ። ጠጂቱ በእጇ ከለከለቻቸው።

«ድፋው» አለችው።

ደፋው። እሷም ከደጃፏ የነበረውን ገንቦ አንሥታ አፈሰሰችበት፤ ውሃው በአገዳው ዘልቆ ፊቱ ላይ ሲወርድ ለቀስተኛው ሁሉ አየ።

«ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እመጣለሁ» አለችው። «የሰፋኸውን ደፍተህ ጠብቀኝ።»

ሽማግሌዎች ካሣ እንቁረጥ ቢሏት ሌላ አልፈልግም አለች። በየሐሙሱ ገንቦዋን አዝላ እየመጣች «ውስጡ ምንድን ነው?» ትለዋለች። በመጀመሪያው ዓመት «አገዳ ነው» እያለ ፊቱን በውሃ ሲያስመታ ከረመ። ጓሳው ተከፍቶ ከታጨደ በኋላ «እንደ ላዩ ነው» ማለት ቻለ፤ ሆኖም ከክፈፉ በሚንጠባጠብ ውሃ በረጠበ ልብሱ የደጋው ነፋስ እየገባ ሳል ይዞት አልለቅ አለው። ገበያተኛው ግን ቆሞ ያይ ነበርና፣ ውሃ ሲወርድበት ካላየነው ባርኔጣ አንገዛም ማለት ጀመረ፤ ሌሎቹም ሰፊዎች ሳይወዱ በግድ ተንበረከኩ።

በስድስተኛው ክረምት ይፍሩ በምርኩዝ እየተጎተተ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ መጣ። ጠጂቱ አየችውና ገንቦዋን መሬት አኖረች።

«ዛሬ ይቅር።»

«ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» አላት።

አፈሰሰች። ገንቦው እስኪንጠፈጠፍ አንዲት ጠብታ አልዘለቀችም። ጠጂቱ ባርኔጣውን ከራሱ ላይ አንሥታ በራሷ ላይ ደፋችውና ወደ ቤቷ ሄደች። ይፍሩ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ይቅር ብላው ነው የሚሉ አሉ፤ አላለችውም የሚሉም አሉ፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም ይባላል።

ዛሬም የምታፈሰው ሁልጊዜ ሴት ናት። ገንቦዋን ከማዘንበሏ በፊት «ውስጡ ምንድን ነው?» ትላለች፤ የተንበረከከውም «እንደ ላዩ ነው» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ውሃው አልቆ ሴትዮዋ ግንባሩን በእጇ ዳብሳ ደረቅ መሆኑን እስክትናገር ድረስ፣ በእንዝርት ሜዳ የባርኔጣ ዋጋ የሚጠይቅ የለም።