ጮክ ተብሎ የማይነበብ ቀልድ

የባለ ሕንፃው የአቶ ጎሹ ልጅ፣ አንዲት የልብስ ሰፊ ልጅን በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሳምንት ሙሉ ሲሰድባት ሰነበተ። እሷም አንድም መልስ ሳትጽፍ ስድቡን ሁሉ ስክሪንሹት አንስታ ለትምህርት ቤቱ ከሰሰችው። አቶ ጎሹ ልጃቸውንና ሦስት ሽማግሌዎችን አስከትለው እቤቷ ድረስ ለዕርቅ መጡ።

«የልጆች ቀልድ ነው፤ ክሱን አንሺ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

ልጅቷ ስልኳን አቀበለቻቸው። «እንግዲያው ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹም እንዲስቁ ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

አቶ ጎሹ የመጀመሪያውን መስመር በዓይናቸው አነበቡና በላብ ተጠመቁ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼው መጣሁ» አሉ። መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነበር። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ግድ የለም ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ደራሲው አብሮዎት መጥቷል፤ ተነሥቶ በቃሉ ይድገምልን።»