ንፍሮው በቁሟ የደረሰላት አህያ

ተረቴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታም ጆሮም ስጡኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳትም ዕቃም በሚናገሩበት ዘመን፣ የቤት እንስሳት ተሰብስበው እድር አቋቋሙ። ማንም ሳይሾምባቸው ዳኛቸውን ራሳቸው በድምፅ መረጡ። የተመረጠውም ጋሽ ሙክት የሚባል ደንዳና በግ ነበር። ሁሉም ከአዝመራው ለእድሩ እህል ያዋጣል። እድሩ ድንኳን ነበረው፤ የንፍሮ መቀቀያ ትልቅ ድስት ነበረው፤ ለቅሶ የሚጠራ ጡሩንባም ነበረው። ድንኳኑን ከአንዱ ለቅሶ ቤት ወደ ሌላው በጀርባዋ የምታዞረው ደግሞ እትዬ ቡላ የምትባል አህያ ነበረች።

ዘመን ሄደ፤ ቡላ አረጀች። ጀርባዋ ቆሰለ፣ ጥርሷ ረገፈ፣ ሠርታ መብላት አቃታት። ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም። ጠያቂዋ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አያ ጅቦ ነው።

ሲመሽ ከቤቷ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ይቆምና፣ "እትዬ ቡላ፣ እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው?" ይላታል።

"ደኅና ነኝ፤ እግሬም ገና ይራገጣል" ትለዋለች።

"ተመስገን!" ብሎ ይመለሳል። አያ ጅቦ የአህያን እርግጫ ያውቀዋል፤ እስክትወድቅ ነው የሚጠብቀው።

አንድ ቀን ጡሩንባው ተነፋ። የቡላ ጎረቤት ሽማግሌው ፍየል ሞተ። ርሃብ አድክሞት ከተኛበት መነሣት ሲያቅተው ጅብ በላው፤ የተገኙት ሁለት ቀንዶቹ ብቻ ነበሩ። እድሩ ግን ወጉን አላጓደለም። ድንኳን ተጣለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ቀንዶቹ ተቀበሩ፣ ሁሉም አለቀሰ።

ድስቱ እሳት ላይ እንደተጣደ፣ "ከዚህ ንፍሮ አንድ ጭብጥ በሕይወት ሳለ ደርሶት ቢሆን፣ ዛሬ እኔን እዚህ ምን አስጣደኝ?" ሲል ቡላ ሰማችው። የተሰጣትን ንፍሮ መዋጥ አቃታት። ቀጣይዋ ተረኛ እሷ እንደሆነች ገብቷታል፤ ፈራች።

ያን ዕለት አያ ጅቦ ከአጥሩ ጥግ ደረሰ። "እትዬ ቡላ፣ እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው?"

"ደኅና ነኝ" አለችው። ስለ እግሯ ግን ምንም አላለችም።

በማግስቱ እያነከሰች ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደች።

"ወገኖቼ" አለች፣ "ስሞት ድንኳን እንደምትጥሉልኝ አውቃለሁ። ድንኳኑ ይቅርብኝ፤ ለቅሶውም ይቅርብኝ። የንፍሮዬን እህል ብቻ ዛሬ በቁሜ ስጡኝ።"

ጋሽ ሙክት ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ቡላ፣ ሞተሻል እንዴ?"

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ሕጋችን ለሞተ ነው የሚለው። በቁሙ ለመጣ ሁሉ ከሰፈርንማ ጎተራው ባዶውን ይቀራል፤ ሥራ የሚሠራም አይገኝ። ለማንኛውም በድምፅ የምንተዳደር ነን። ይሰጣት የምትሉ እግር አንሡ!"

ዶሮ አንድ እግሯን አነሣች፤ ዙሪያዋን አየችና መልሳ አወረደችው። ቡላም ባዶዋን ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በእድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ግን ሌላ ስብሰባ ነበር።

"ስንት ዘመን የተሸከመችኝ ጀርባ ነው!" አለ ድንኳኑ።

"ነገ ደግሞ ለእሷ ይጥዱኛል" አለ ድስቱ።

ጡሩንባው ብዙ አሰበ። "እኔ ሁልጊዜ የምጮኸው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው" አለ። "አንድ ቀን እንኳ ቀድሜ ልጩህ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቡላ ደጇ ላይ ወደቀች። አያ ጅቦ እስከ ደጃፏ መጣ።

"እትዬ ቡላ፣ እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው?"

አልመለሰችም። አያ ጅቦ አንድ እርምጃ ቀረበ።

ይሄኔ ነፋስ መጣ፤ ጡሩንባው አፉን ከፈተለትና ጮኸ። "ቡላ! ቡላ! ቡላ!" መንደሩ ሁሉ የሞተች መስሎት እህል ተሸክሞ፣ ድስትና ድንኳኑን ይዞ፣ ደረቱን እየመታ ጎረፈ። አያ ጅቦ ከአጥሩ ወዲያ ዞር ብሎ ተቀመጠ።

"ድንኳናችንን የተሸከምሽ! ደከመኝ የማትይ! ቡላዬ፣ እኔን ይብላኝ!" እያለ ጋሽ ሙክት ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ።

ቡላ እንደምንም አንገቷን ቀና አደረገች።

"አልሞትኩም" አለች። "ይህን ሁሉ ደግነቴን ግን ጠዋት ስብሰባው ላይ የሚናገርልኝ ባገኝ እንዴት በወደድኩ።"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ዶሮ አፈረች፤ ሌሎቹም መሬት መሬት አዩ። ጋሽ ሙክት ግን እንባውን ጠርጎ ተቆጣ። "ሳትሞት ነው እንዴ የምታስለቅሰን? በሉ እህላችሁን አንሡና ወደየቤታችሁ!"

"ለለቅሶ ቤት የመጣ እህል ወደ ቤት አይመለስም" አለ ድስቱ። "ይህንንም ሕግ ያወጣችሁት እናንተው ናችሁ።"

ጋሽ ሙክት ሊመልስለት አፉን ሲከፍት፣ ከአጥሩ ወዲያ ትሑት ድምፅ ተሰማ።

"ጋሽ ሙክት፣ እንደምን ዋሉ? እርስዎስ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?"

በጉ ወደ አጥሩ ዞረ። ክረምቱን ሲያመው የከረመው ጉልበቱ ትዝ አለው። በጎረቤቶቹ ፊት ነው የተጠየቀው፤ "ደኅና ነኝ" ማለት አቃተው። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይሰጣት የምትሉ እግር አንሡ" አለ፤ የራሱንም አስቀድሞ አነሣ። ዶሮ በዚህ ጊዜ እግሯን አላወረደችም።

ከዚያ ወዲህ ጡሩንባው ለሞተ ብቻ ሳይሆን ለተራበም ይነፋ ጀመር። ያረጀና የታመመ ሁሉ ድርሻውን ሳይለምን፣ በሕግ ይቀበላል። አያ ጅቦም ጠያቂ በበዛበት መንደር ምን ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ።

ቡላም ንፍሮዋን በቁሟ በላች። ከመቅመሷ በፊት ግን አንድ ጭብጥ ወስዳ ሁለቱ ቀንዶች በተቀበሩበት ላይ በተነችው። ለእሱ አልደረሰለትም ነበርና አለቀሰች።

እናንተም ይህን ያዙ። የሞተን በክብር መቅበር ደግ ነው። የደከመ በቁሙ እንዲጎርስ ሕግ ማውጣት ግን ለራስም ነው፤ አያ ጅቦ ተራውን ጠብቆ ጤናውን የማይጠይቀው የለምና።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። አፌን የምታብሱበት ዳቦ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።